በሁለት ምት መካከል

ሙሽራ ሳለሁ፣ ኦንዳሮአ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ፣ ጠባብ አልጋ ላይ፣
ጆሮዬን ከቤኛት ደረት አሳርፌ
ስቆጥር አድር ነበር፣ ጠፍቶብኝ እንቅልፌ።

ድው።
ከዚያ ዝም።
ውጭ ጀልባ ከጀልባ ይጋጫል፤ የእሱ ልብ ግን የለም።
ትንፋሼን ውጬ «ሞተብኝ እንዴ» ስል፣
ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚሳብ ባልዲ፣ ቀስ ብሎ፣ ድው ይል።

አርባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሉ ደቂቃ!
ጎኑን ነቅንቄ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ፣ በደንብ እንኳ ሳይነቃ፤
«የቀዛፊ ልብ ነው፣ ምን አስቸኮለው?
ጭልፋው ሰፊ የሆነ ሰው
ድስቱን ሺህ ጊዜ አይነካካው።»

እውነቱን ነበር። አሥራ ሦስት ሆነው በአንድ ጀልባ፣
ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ የባሕሩ ጨው መዳፋቸው ቁስል ሲገባ፣
ያ ጡንቻ ሰፋ፣ ጠነከረ፣
በአንድ ምት የሁለቱን ደም መግፋት ተማረ፣
የተረፈውን ጊዜ ለእረፍት አኖረ።

ኋላ የትከሻው ጅማት ተበጠሰ።
ሌላ ሰው ቦታውን ያዘ፤ ጀልባው እንደሆን አላለቀሰ።
ቤኛት የጭነት መኪና ያዘ፣
ሰርዲን ከነበረዶው ጭኖ እስከ ሳራጎሳ ተጓዘ።
እራቱ መሪው ላይ፣ እንቅልፉ ወንበር ላይ፤
ቀበቶው ቀዳዳ በቀዳዳ ወደ ጫፉ ሲሸሽ ሳይ
ዝም አልኩ። እኔም ቀሚሴን አስፍቻለሁ፣ ማን በማን ሊናገር?
ሆድ የዕድሜ ነው እያልን ስንሳሳቅ ነበር።

አንድ ሌሊት ግን ጆሮዬን ባስጠጋ
የማላውቀው እንግዳ በር ይደበድባል፣ እስኪነጋ።
ድውድው፣ ድውድው።
መሃሉስ? ያ የሚያስፈራኝ ዝምታው?
የድሮ ፍርሃቴ ናፈቀኝ።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሰባ ዘጠኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ ነርሷ ጋራዚ ዘንድ፣
መዛኛው ላይ አቆመችው፤ ዘጠና ስምንት ኪሎ ከአንድ
ጫማ ጋር (ሌላውን አውልቆ ነበር፣ ይቀንስ መስሎት)።
«ሰባ ዘጠኝ በሽታ አይባልም» አለች፣ የእጁን አንጓ ለቃለት፤
«ግን ይሄ ሁሉ አካል ደም ይለምናል፣
ልብህ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ሰንፏል።»

ይህን ሰምቶ ወንድሜ ኡናይ፣ እንደ መቅዘፊያ ቀጭኑ፣
«እኔንስ?» አለ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ነፍቶት ኩራቱ።
ሰማንያ ስምንት!
ሲጋራውን ከኪሱ ሊያወጣ ነበር፤ መልሶ ከተታት።
ተራዋን የምትጠብቀው ማያለን፣ የዓሣ ሣጥን ተሸካሚዋ፣
ወንበር የማይበቃት፣ ደረጃ የሚያውቃት በጫማዋ፣
ተለካች፤ ሃምሳ ስድስት። ሳቋ ግድግዳውን አራደው።
ያን ቀን ገባኝ፤ ልብ ኪሎ ብቻ አይደለም የሚያነበው።

ከከተማው በላይ ጸሎት ቤት አለ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ።
መጀመሪያ ቀን አርባኛው ላይ ተቀመጠ፣ ላቡ እንደ ጅረት፤ ሰው ሲያልፍ
የታሰረ ጫማውን ፈትቶ አሰረ፣ እንዳያፍር።
በማግስቱ ስድሳኛው ላይ አሰረ።
ኅዳር በዝናብ፣ ታኅሣሥ በዝናብ፣
እኔም ከኋላው፣ ዣንጥላ ይዤ፣ ስንወጣ፣ ስንነጫነጭ።

በየካቲት ሚዛኑን በእርግጫ መታው፤
ሦስት ወር ወጥቶ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የቀነሰው!
ቀበቶውም እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው፤
ሆዱም እዚያው፣ እንደ ጉብታ።

ዛሬ ሌሊት ግን፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ጀልባዎቹ ሲጋጩ፣
በዚያ ጉብታ አጠገብ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

ድው።

ጠበቅሁ።

ድው።

መሃሉ ሰፍቷል። እንደ ድሮው አይደለም፤ አርባ አንድ የወጣት ቁጥር ነው።
ግን አንድ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ያህል ዝምታ አለው።
በጨለማው «ስንት ነው?» አለኝ፣ ሳይተኛ ቆይቶ ኖሯል።

«ዝም በል» አልኩት፣ «እየቆጠርኩ ነው።»